ቀና የማይሉት ፕሮፌሰር

ፕሮፌሰር ከበበው አባይነህ የሞቱት ቅዳሜ ኅዳር 21 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። በጀርባቸው ወድቀው ተገኙ። ከቀኝ ዐይናቸው በላይ ግንባራቸው ተሰብሯል። አጠገባቸው ድፎ ዳቦ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ደም ነክቶት ተቀምጧል። ቢጫ ሄልሜታቸው ወልቆ ከኋላቸው ወድቋል፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

ዕለቱ ኅዳር ጽዮን ስለነበር የካባው ሠራተኞች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። በአካባቢው የነበሩት የካባው አለቃ ሱልጣንና መግቢያው ላይ ሻይ የምትሸጠው ባለቤቱ ቀመሪያ ብቻ ናቸው። ሱልጣን ሐሙስ ዕለት ከፕሮፌሰሩ ጋር ሰው እየሰማ ተጨቃጭቋል። ፕሮፌሰሩ የካባው የላይኛው እርከን ሊናድ ስለሚችል ሥራ ይቁም ብለው ነበር፤ ሱልጣን ደግሞ ሥራ ከቆመ አርባ ሰው ምን ይበላል ብሎ ነበር። የጣቢያው አዛዥ ከዚህ በላይ ማሰብ አላስፈለገውም። ከላይ የሚወድቅ ድንጋይ የሚያርፈው ሄልሜት ላይ ነው፤ ሄልሜቱ ደኅና ሆኖ ግንባር ከተሰበረ፣ ፊት ለፊት የቆመ ሰው በእጁ መትቷል ማለት ነው። ሱልጣን ታሰረ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል ተባለ።

ጉዳዩ ለመቶ አለቃ ብርነሽ የተሰጣት እንድትመረምረው ሳይሆን ፋይሉን አስተካክላ እንድትዘጋው ነው። ብርነሽ ሰው ሲያዘገያት የማትወድ፣ አስተካክለሽ ዝጊ ሲሏት ደግሞ የባሰ የምትዘገይ ሴት ናት።

ፕሮፌሰሩን ታውቃቸዋለች። ከስምንት ዓመት በፊት የጂኦሎጂ ተማሪ ሳለች፣ እዚሁ ካባ ላይ በጫማዋ ድንጋይ አንከባልላ፣ አፍራ ዝም አለች። ድንጋዩ ማንንም አልነካም። ፕሮፌሰሩ ግን የመስክ ሥራዋ ላይ ኤፍ ጻፉባት። «ድንጋይ ማንከባለል ጥፋት አይደለም» አሏት። «ጥፋቱ ዝም ማለት ነው።» በሳምንቱ ከክፍል ስትቀር ማደሪያዋ ድረስ መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ «ኤፉ የድንጋዩ ነው። አንቺን ማን ውጪ አለሽ?» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ወጣች። ኩራት ነው። ያኔ አላለቀሰችም፤ አሁንም ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካባው ውስጥ ገብታ መጀመሪያ ድንጋዩን አየች። ፕሮፌሰሩ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «መጀመሪያ እይ። ስሙን በኋላ ትጠራዋለህ።» አዛዡ ስሙን ቀድሞ ጠርቶታል፤ የግድያ መሣሪያ ብሎታል። ብርነሽ ድንጋዩን ገልብጣ ስታየው ከሥሩ ቀይ መስመር አገኘች። ቀጥ ብሎ የመጣ፣ ስብራቱ ላይ ሲደርስ የተቆረጠ መስመር። የቀስት ጭራ ነው።

ለሌላ ሰው ትርጉም የለውም። የፕሮፌሰሩ ተማሪ የነበረ ግን ያውቀዋል። አንድ ድንጋይ ከቦታው ከመነሳቱ በፊት ኮምፓስ ተይዞ ወደ ሰሜን የሚያመለክት ቀስት ይሳልበታል። ካልተሳለበት፣ አንዴ ቦርሳ ውስጥ ከገባ በኋላ ተፈጥሮ ወዴት አዙራው እንደነበር የሚናገር የለም። ፕሮፌሰሩ «ያለ ቀስት የመጣ ድንጋይ ውሸታም ነው» ይሉ ነበር።

ብርነሽ በጎን ባለው ዳገት ወደ ላይኛው እርከን ወጣች። ከጠርዙ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ አዲስ የተፈለጠ አለት ላይ፣ የቀስቱን ሌላ ግማሽ አገኘችው። ከአለቱ እስከ ጠርዙ ባለው ኮረት ላይ አንድ ከባድ ነገር ተንሸራቶ ያለፈበት ፈር ተስሏል።

ስትወርድ ቀመሪያ የሻይ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ባሏ ከታሰረ ስድስት ሰዓቱ ነው፤ እጇ ግን ሥራውን አልተወም።

«እህቴ፣ ሚስቱ ስለሆንኩ አታምኚኝም» አለች።

«ማመኑ የእኔ ጣጣ ነው። ምን ሰማሽ?»

«መዶሻ ሰማሁ። ቀጭን መዶሻ፣ የተማሪ መዶሻ። የእኛዎቹ እንደዚያ አይመቱም፤ የእኛዎቹ ለእንጀራ ነው የሚመቱት።»

«ከዚያስ?»

«ሰው ተጣራ። አንዴ ብቻ። ቃሉን አልያዝኩትም፤ የላምባ ምድጃው እየጮኸብኝ ነበር። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው፣ አጯጯሁ ግን የሕፃን።»

«‹ድንጋይ!› ነው ያለው?»

«እሷንማ የሦስት ዓመት ልጄም ያውቃታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ከበበው ተማሪ ይዘው ሲመጡ ስንቴ ነው የምንሰማት? እሷ አይደለችም።»

ሱልጣንን ጣቢያ አገኘችው። የሐሙሱን ጭቅጭቅ አልካደም። ጭቅጭቁ ሲያልቅ ፕሮፌሰሩ ቀመሪያ ዘንድ ቁጭ ብለው ሁለት ሻይ ጠጥተው፣ ሰኞ አብረን ወጥተን እርከኑን እንየው ተባብለው መለያየታቸውን ነገራት። ስለ ራሱ ምንም አልለመናትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፦ ሰኞ ሠራተኞቹ ላይኛው እርከን ላይ እንዳይወጡ ማን ይንገራቸው?

እሑድ ቀብሩ ተፈጸመ። ሀና ማርያም ያለው የፕሮፌሰሩ ግቢ ከበሩ እስከ ደረጃው በድንጋይ የታጠረ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር አለው። ድንኳኑ ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ መሐንዲሶች፣ የዕድሩ ሰዎችና የካባ ሠራተኞች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። አንዱ ሌላውን በስንት ኤፍ እንደተመረቀ ይጠይቀዋል፤ ይስቃሉ፣ ወዲያው ያለቅሳሉ።

የፕሮፌሰሩ አንድ ልጅ እፀገነት አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ ከጎረቤቶቿ ጋር ቤተ ክርስቲያን እንደነበረች አሥር ሰው መሰከረላት። ብርነሽ ወደ ጓዳ ወስዳት ስለ አባቷ አሠራር ጠየቀቻት።

«መስክ ላይ ተማሪም ጓደኛም አያውቅም» አለች እፀገነት። «ከላይ ሆነሽ ብትጠሪው ቀና አይልም። የሚፈልገኝ ይውረድ ነው የሚለው። ከላይ የሚመጣ ነገር ቀና ተብሎ አይታይም፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚታለፈው ይላል።»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነበሩ?»

«ሁንዴሳ ከሞተ ጀምሮ።»

ሁንዴሳ የመስክ መኪናቸው ሹፌር ነበር። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ዓባይ በረሃ ወርደው ሳለ አንድ ተማሪ ከላይ ድንጋይ አንከባለለና ደንግጦ ዝም አለ። ሁንዴሳ ከሥር ሆኖ ምሳ ያቀርብ ነበር። ሕጉ የወጣው በዚያ ሳምንት ነው፦ ድንጋይ ያነቃነቀ ሰው «ድንጋይ!» ብሎ ይጮኻል፤ ከታች ያለ ሰው ቀና ሳይል ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በዚያው ሳምንት ፕሮፌሰሩ የሁንዴሳን የአሥር ዓመት ልጅ ኢያቄምን ቤታቸው አመጡት። እናት አልነበረውም። አሁን የእሳቸው ረዳት ነው፤ የማስተርስ ጽሑፉን እየጨረሰ ነው።

«ወንድሜ ነው» አለች እፀገነት። «አባቴን ውጭ ሲሆን ፕሮፌሰር፣ ቤት ጋሼ ይለዋል። አንዴ ልጅ ሳለ አባቴ ‹አባዬ በለኝ› አለው። ‹አባቴ ሁንዴሳ ነው› ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀውም።»

ኢያቄም ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ይደረድራል፣ ውሃ ያዞራል፣ ለቀስተኛ ይሸኛል። ብርነሽ ስትጠይቀው በእርጋታ መለሰ። ቅዳሜ ፉሪ በተከራየው ክፍል ተኝቶ ነበር፤ ብቻውን። ከፕሮፌሰሩ ጋር ቅር የተሰኙበት ነገር አልነበረም።

«የማስተርስ ጽሑፍህን አይተውታል?»

«አይተውታል። አልቋል። ምንም አስተያየት አልነበራቸውም።»

ብርነሽ ይህን መልስ ደብተሯ ላይ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። ፕሮፌሰር ከበበው የሠርግ ጥሪ ወረቀት ሲደርሳቸው እንኳ ነጥብና ሰረዙን አርመው የሚመልሱ ሰው ነበሩ።

የመጨረሻዋ ሣራ ናት፤ የአራተኛ ዓመት ተማሪ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከመስክ ተባርራ በክፍሉ ፊት «ሰውዬው ራሱ ድንጋይ ነው» ያለችው እሷ ነች። ቅዳሜ ማደሪያዋ ውስጥ ነበርኩ ትላለች፤ ያያት ሰው የለም። ዐይኗ አብጧል።

«ለምን አባረሩሽ?»

«ከላይ ሆኜ ስለጠራኋቸው። ስድስት ጊዜ። አጠገባቸው ወዳለው ድንጋይ ዞረው ‹ላይ ያለችውን ሰው ትውረድ በልልኝ› አሉት። ድንጋዩን አናገሩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ሰኞ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። የትኛው ሰኞ እንደሆነ እንጃ።»

ሰኞ ብርነሽ ከእፀገነት ፈቃድ ተቀብላ የፕሮፌሰሩን ጠረጴዛ ፈተሸች። የኢያቄም ጽሑፍ እዚያው ነበር። የዚያን ካባ ድንጋዮች የሚያጠና ሥራ ነው፤ አሥር ናሙናዎች፣ አሥር ቀስቶች። ገጽ አርባ አንድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቁጥር ሰባት ይዋሻል። ወይ ድንጋዩ ነው፣ ወይ አንተ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥር ሰባት ከላይኛው እርከን የመጣ ነው።

ከዚያ ጣቢያው ውስጥ በፖስታ ታሽጎ የተቀመጠውን የፕሮፌሰሩን የመስክ ደብተር ከፈተች። ከሬሳው ሥር የተነሳ ነው፤ ማንም አላነበበውም። የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበች። ደብተሩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለማንም ምንም አልተናገረችም።

ማክሰኞ ሠልስት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲያቀና፣ ብርነሽ እፀገነትን፣ ኢያቄምንና ሣራን ወደ ካባው ወሰደቻቸው። ሱልጣን በሁለት ፖሊስ መካከል ከነካቴናው መጣ። ቀመሪያ ማንም ሳይጠራት ከኋላ ተከተለች። አዛዡም መጣ፤ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

ብርነሽ ፕሮፌሰሩ ከወደቁበት ቦታ ራቅ አድርጋ ግድግዳው አጠገብ አቆመቻቸውና ምንም ሳትል በዳገቱ ወጣች። ከዚያ እፍኝ የማይሞላ ጠጠር በጎን ለቃ «ድንጋይ!» ብላ ጮኸች።

ሣራ፣ ኢያቄም፣ እፀገነት ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ሱልጣን ከነካቴናው ተለጠፈ። ቀመሪያም። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ዐናቱን አንጋጦ የቀረው አዛዡ ብቻ ነው።

ወርዳ መጣች። «ይህን ለሁላችሁም ያስተማሯችሁ እሳቸው ናቸው» አለች። «ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ‹ድንጋይ!› የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ፕሮፌሰሩ ዛሬ እዚህ ነበሩ። አልነበረም። ቀመሪያም አልሰማችም።»

«የተከሳሹ ሚስት ናት» አለ አዛዡ።

«ስለዚህ ቃሏን ለብቻው አልወሰድኩትም። ማንም ድምፅ ሳያሰማ ድንጋዩ ወድቆ ቢሆን ፕሮፌሰሩ ደብተራቸው ላይ አጎንብሰው ነበር የሚሞቱት፤ ደብተሩ ከሥራቸው ነው የተገኘው። ድንጋዩም ሄልሜቱን ወይም ማጅራታቸውን ይመታ ነበር። የመታው ግን ግንባራቸውን ነው።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው መታቸው።»

ብርነሽ ድንጋዩን ከከረጢት አወጣች። ቀዩን ግማሽ መስመር አሳየችው። «የዚህ ቀስት ጫፍ ላይኛው እርከን ላይ ነው፤ ወጥተው ይዩት። ድንጋዩ ከዚያ ተፈልጦ ተንሸራቶ ነው የወረደው። ሱልጣን ድንጋይ ሲፈልጥ ሰሜን ወዴት ነው ብሎ አያውቅም። ቅዳሜ ላይ የነበረው ናሙና የሚወስድ ሰው ነው። ሳይመታ በፊት ቀስት የሚስል፣ የእሳቸው ተማሪ።»

ሣራ ፊቷ ነጣ። ብርነሽ ግን አላያትም።

«ሄልሜቱ ጭረት የሌለበት፣ ወደ ላይ ሲያንጋጥጡ ወደ ኋላ ስለወለቀ ነው። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ከላይ ሲጠሯቸው ቀና የማይሉ ሰው ለምን ቀና አሉ? ሣራ ስድስት ጊዜ ጠርታቸው ድንጋይ አናገሩ። ለተማሪ ቀና አይሉም። ለሥራ ባልደረባ ቀና አይሉም። ከላይ የመጣው ድምፅ የቤታቸው ድምፅ መሆን አለበት። የቤታቸው ሰዎች ሁለት ናቸው። አንዷ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ድንጋይ ላይ ቀስት ሥላም አታውቅም። ሁለተኛው ጽሑፉ አስተያየት እንዳልተሰጠበት ነገረኝ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ግን አስተያየት አለ።»

ኢያቄም ጃኬቱን አውልቆ በጥንቃቄ አጠፈና መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

«ቁጥር ሰባት ላይ ቀስት መሣል ረስቼ ነበር» አለ። «ቤት ገብቼ በግምት ሣልኩበት። ጋሼ አወቁብኝ። የበዓል ቀን ነው፣ ማንም የለም፣ ትክክለኛውን አምጥቼ እተካዋለሁ አልኩ። ቀስቱን ሥዬ ስመታው ካሰብኩት በላይ ተገነጠለ። ኮረቱ ላይ ተንሸራተተ። ስከተለው ከታች ቢጫ ሄልሜት አየሁ። መምጣታቸውን አላወቅኩም ነበር።»

«ለምን ‹ድንጋይ!› አላልክም?» ያለችው ሣራ ናት። ድምጿ ክስ አልነበረበትም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ቃሉን አውቀዋለሁ። ለእናንተም ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። አባቴ በእሷ ቃል መጥፋት ነው የሞተው። አፌ ሌላ አወጣ።»

«ከዚያስ?» አለች ብርነሽ።

«ወርጄ አየሁት። ሞቷል። በመጣሁበት በላይ በኩል ሄድኩ።»

«ሱልጣን መታሰሩን መቼ ሰማህ?»

«ቅዳሜ ማታ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።» ብርነሽ ድምጿን አላነሳችም። «ድንጋዩ አደጋ ነው፤ ፍርድ ቤትም እንደዚያ ይለው ይሆናል። ሦስቱ ቀን ግን አደጋ አይደለም። ወንበር እየደረደርክ ዝም አልክ።»

ኢያቄም ወደ ሱልጣን ዞረ። ሱልጣን አላየውም፤ ካቴናው ሲፈታለት የእጁን አንጓ እያሸ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ብርነሽ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ከፍታ ለኢያቄም ሰጠችው። ከላይ የእርከኑ ንድፍ አለ፤ ፕሮፌሰሩ ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የሚያዩት። ከሥሩ በእርሳስ ሁለት መስመር ተጽፏል። ኢያቄም ማንበብ ስላልቻለ እፀገነት ተቀብላ አነበበችው።

«ቁጥር ሰባት። ኢያቄም ልክ ሊሆን ይችላል። ሳላይ ፈረድኩበት፤ ዛሬ ራሴ ልየው።»

ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ ወደ ኢያቄም ቀረብ ብላ፣ ሌሎቹ የሌሉ ይመስል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

«ምን ብለህ ጠራኸው?»

ኢያቄም ወደ ላይኛው እርከን ተመለከተ።

«አባዬ።»

«ቀና አለ?»

«ወዲያው።»

እፀገነት ራሷን ነቀነቀች። አላቀፈችውም፣ አልመታችውም። መሬት ላይ ያለውን ጃኬት አንስታ አቧራውን አራገፈችና አስያዘችው፤ ጣቢያው ውስጥ ማታ ይበርዳል።

ፖሊሶቹ ኢያቄምን ወስደው፣ እፀገነትና ሣራም ወደ ድንኳኑ ከተመለሱ በኋላ፣ ብርነሽ ላይኛው እርከን ላይ ለምልክት ያሰረችውን ገመድ ልትፈታ ብቻዋን ወጣች። ግማሹን ቀስት እንደገና አየችው። ሰሜን ወዴት እንደሆነ በትክክል ያመለክታል፤ ልጁ በዚህኛው አልዋሸም። ዐይኗ ሲሞላ በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ ለመውረድ ስትዞር አንዲት ጠጠር ከጫማዋ ሥር አመለጠች። ትንሽ ናት፤ ሰው አትጎዳም።

«ድንጋይ!» ብላ ጮኸች ብርነሽ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ።

ከታች ሱልጣንና ቀመሪያ ጎን ለጎን ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ቀና ያለ አልነበረም።